ከነሲሓ በፊት ሦስት ጥያቄ



ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከራሴ ስህተት ተነስቼ ነው። ባለፈው ዓመት የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ከዶርም ጓደኞቼ አንዱ ለፈጅር መነሳት አቆመ። ቀድሞ ሁላችንንም የሚቀሰቅሰን እሱ ነበር። ቀጥሎ ከክፍል መቅረት ጀመረ፤ ከዚያ ካፌ መሄድም ተወ። ዳቦ ስናመጣለት ራስጌው ላይ ይደርቃል። ቀን ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይውላል፣ ሌሊት ዐይኑን አፍጥጦ ጣሪያ ያያል። ምን ሆንክ ስንለው «ደክሞኝ ነው» ከማለት ሌላ መልስ የለውም።

እኛም እንደ ጀመዓ ልጅ የምናውቀውን አደረግን። ሦስት ሆነን አልጋው ላይ ተቀመጥንና ነሲሓ ሰጠነው። ረጅሙን የተናገርኩት እኔ ነበርኩ። ልጅ ሆኜ መድረሳ የቀራሁት ሁሉ ምላሴ ላይ መጣልኝ። ስለ ሰብር ተናገርኩ፣ ሶላትን ችላ ስለሚል ሰው ተናገርኩ፣ ቁርኣን ያለበት ልብ አይጨነቅም አልኩት። በመጨረሻም «ኢማንህን አድስ» ብዬ ደመደምኩ። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና «እሺ፣ ጀዛከላህ ኸይር» አለኝ። እኔም ግዴታዬን የተወጣሁ መስሎኝ ተኛሁ።

ከወራት በኋላ፣ ታክሞ ሲሻለው፣ ያን ሌሊት ምን እንዳሰበ ነገረኝ። «ሰው እንደተወኝ አውቅ ነበር፤ አላህም እንደተወኝ ግን አንተ ነህ ያረጋገጥክልኝ» አለኝ። ይህንን እንድጽፍ የፈቀደልኝ እሱው ነው። ሌላውም ሰው እንዲህ ዓይነት ነሲሓ እንዳይሰማ ብሎ ነው የፈቀደው።

ሐሳቤ አጭር ነው። የድባቴና የጭንቀት ሕመም ሕክምና ያላቸው በሽታዎች ናቸው። ጀመዓችን የታመመን ሰው ኢማን መመርመሩን ትቶ ወደ ሕክምና የሚያደርስ መንገድ ይሁን። ዱዓውም ሩቅያውም ይቀጥል፤ የሕክምናን በር ግን አይዝጋ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ሐዘን ሁሉ በሽታ አይደለም። በሚድ ውጤት መናደድ፣ ቤተሰብ መናፈቅ፣ ሰው ሲሞት ማልቀስ የሰው ልጅ ባሕርይ ነው፤ በጊዜና በወዳጅ ይቀላል። ሕመም የሚባለው ድብርቱ ወይም ከዚህ በፊት ይወዱት የነበረውን ነገር ሁሉ መጥላቱ ከሁለት ሳምንት በላይ፣ አብዛኛውን ቀን ሲቆይ፣ እንቅልፍን፣ ምግብን፣ ጉልበትን፣ ትኩረትን ሲነካና ሰውየውን ከሥራው ሲያስቀረው ነው። የጭንቀት ሕመምም እንዲሁ ነው። ሰውየው ምክንያቱ ቢያልፍም መጨነቁን ማቆም ያቅተዋል፤ ልቡ ይመታል፣ እጁ ያልበዋል፣ ሆዱ ይታወካል፣ አንዳንዴም የሚሞት እስኪመስለው ትንፋሽ ያጥረዋል።

እኛ ኢንጂነሪንግ የምንማር ሰዎች መለኪያ እንወዳለን። ለዚህም መለኪያ አለው። የጤና ባለሙያዎች ለድባቴ የሚጠቀሙበት አንድ መጠይቅ 9 ጥያቄዎች አሉት። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፤ ድምሩ ከ27 ይያዛል። 10 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው በደንብ መታየት አለበት። በዚያች ሌሊት እነዚያን ጥያቄዎች ብንጠይቀው ኖሮ ጓደኛችን ምን ያህል እንደታመመ በአምስት ደቂቃ እናውቅ ነበር። እኔ ግን አርባ ደቂቃ ተናገርኩ። ምሰሶ ላይ ስንጥቅ ስናይ ጭነቱን፣ አፈሩን፣ ብረቱን እንመረምራለን እንጂ ምሰሶውን «በርታ» አንለውም።

«ሙእሚን አይጨነቅም» የሚለው አባባል ደግሞ ከቀራነው ጋር አይሄድም። ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ.) ለልጃቸው ካዘኑት የተነሳ ዐይናቸው እንደነጣ በሱረቱ ዩሱፍ ቀርተናል። መርየም (ዐ.ሰ.) ምጥ በያዛቸው ሰዓት ሞትን መመኘታቸው በስማቸው በተሰየመው ሱራ ተጠቅሷል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ኸዲጃንና አቡ ጣሊብን ያጡበት ዓመት በሲራ መጻሕፍት የሐዘን ዓመት ይባላል። ከጭንቀትና ከሐዘን በአላህ ይጠበቁ እንደነበርም በቡኻሪ ተዘግቧል። ይህ ሁሉ የኢማን ጉድለት ነበር የሚል ሰው በመካከላችን የለም። ታዲያ በወንድማችን ላይ ሲሆን ለምን እንላለን?

ስለ ሕክምናም ቢሆን ሰሃቦች ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሲጠይቋቸው እንዲታከሙ አዘዋቸዋል፤ ከእርጅና በቀር መድኃኒት ያልተደረገለት በሽታ እንደሌለም ገልጸዋል። የአእምሮን ሕመም ለይተው አላስወጡም። ዑለማዎቻችን ሸሪዓ ሊጠብቃቸው ከመጣባቸው አምስት ነገሮች አንዱ ዐቅል ነው ሲሉ እንሰማለን። ዐቅልን ከመጠጥ መጠበቅ ግዴታ ከሆነ፣ ሲታመም ማሳከሙ እንዴት ነውር ይሆናል?

ይህ ዛሬ ከፈረንጅ የመጣ ሐሳብ የሚመስላቸውም አሉ። አቡ ዘይድ አል-በልኺ የሚባሉ ዓሊም በ322 ሂጅራ (በ934 እ.ኤ.አ.) ነው ያረፉት። «መሷሊሑል አብዳን ወል አንፉስ» በተሰኘው መጽሐፋቸው ስለ ሰውነት ጤና ከጻፉ በኋላ ስለ ነፍስ ጤና ለብቻው ጽፈዋል። ሐዘንን ምክንያቱ የሚታወቅና ምክንያቱ የማይታወቅ ብለው ለሁለት ከፈሉት፤ ሁለተኛው ከሰውነት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሰውነትም መታከም አለበት አሉ። ሰው ጤነኛ ሳለ የሚያረጋጉ ሐሳቦችን፣ ለድንገተኛ ሕመም መድኃኒት እንደሚቀመጥ፣ አዘጋጅቶ እንዲያስቀምጥም መክረዋል። በ1154 (እ.ኤ.አ.) በደማስቆ የተሠራው የኑረዲን ቢማሪስታንና በ1284 በካይሮ የተሠራው የቀላውን ቢማሪስታን የአእምሮ ሕሙማንንም ተቀብለው ያክሙ ነበር። በሽተኛን ወደ ሐኪም መውሰድ የአባቶቻችን ሥራ ነው።

አሁን ወደ ሕክምናው ልግባ። ጓደኛዬን ሳመላልስ ካየሁትና ከዚያ በኋላ ካነበብኩት እንደተረዳሁት ዋናዎቹ መንገዶች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው በንግግር የሚሰጠው ሕክምና ነው። ይህ «አይዞህ» ከመባባል ይለያል። ባለሙያው ሰውየውን የሚያሰቃየውን ሐሳብ አውጥቶ ከማስረጃ ጋር እንዲያመዛዝነው ያደርጋል፤ የተወውን ሥራ በትንሽ በትንሹ እንዲመልስ ያለማምደዋል፤ የሚሸሸውን ነገር ቀስ በቀስ እንዲጋፈጥ ያግዘዋል። ለቀላልና ለመካከለኛ ሕመም ይህ ብቻውን ሊበቃ ይችላል። ጓደኛዬ የመጀመሪያው ሳምንት የቤት ሥራው በየቀኑ ፊቱን ታጥቦ አሥር ደቂቃ በግቢው መራመድ ነበር። እኔ በውስጤ ሳቅሁ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን ራሱ ካፌ ሄዶ ተሰልፎ አገኘሁት።

ሁለተኛው መድኃኒት ነው። አገራችን ውስጥ በብዛት ከሚታዘዙት ፍሉኦክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን ይገኙበታል። እነዚህ እንደ ራስ ምታት ኪኒን በሰዓት ውስጥ አይሠሩም፤ ለውጡ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ማቅለሽለሹን ወይም የአፍ መድረቁን ብቻ አይቶ «አልሠራልኝም» ብሎ ይጥለዋል። ከተሻለው በኋላም ለወራት መቀጠል ያስፈልጋል፤ ማቋረጥ ሲፈለግ በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው። በኛ ዕድሜ ላሉ፣ ከ25 ዓመት በታች ለሆኑ ሰዎች፣ አንድ ጥንቃቄ አለ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊጨምር ስለሚችል ሐኪሙ ቶሎ ቶሎ እንዲያያቸው፣ ጓደኛም ዐይኑን እንዳይነቅልባቸው ያስፈልጋል። አሚትሪፕቲሊን ደግሞ በብዛት ከተወሰደ ለሕይወት አደገኛ ስለሆነ በዶርም ውስጥ ማን ጋ እንደሚቀመጥ ይታሰብበት።

«ሱስ ያስይዛል» የሚለውን ፍርሃት ደጋግሜ ሰምቻለሁ። እነዚህ ፀረ ድባቴ መድኃኒቶች ሰውን እንደ ሱስ ፍለጋ የሚያስወጡ አይደሉም፤ በድንገት ሲቋረጡ ግን ማዞር፣ መነጫነጭና እንቅልፍ ማጣት ያመጣሉ። ሱስ ሊያስይዝ የሚችለው እንደ ዲያዜፓም ያለው ማረጋጊያ ነው፤ ስለዚህ ለአጭር ጊዜ ብቻ ይታዘዛል። ፈተና ሲደርስ ከጓደኛ ኪኒን መዋስ ለዚህ ነው አደገኛ የሚሆነው።

ሦስተኛው የኑሮ ሥርዓት ነው፦ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ እንቅስቃሴና ሰው። ፋይናል ሲደርስ ሌሊቱን በጫት የሚያነጋ ተማሪ እንቅልፉንም ልቡንም ያውካል፤ ጭንቀቱንም ያብሰዋል። ደግሞም መጀመሪያ ሐኪም የሚያየው ሌላ በሽታ እንዳይሆን ነው። የእንቅርት እጢ መዛባትና የደም ማነስ ድባቴንና ጭንቀትን ሊመስሉ ይችላሉ። ይህንን በነሲሓ መለየት አይቻልም፤ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል።

አሁን አስቸጋሪው ጉዳይ ሩቅያ ነው። ጂን መኖሩን እናምናለን፤ ዐይንም ሐቅ ነው። በቁርኣንና በተረጋገጡ ዱዓዎች የሚደረግ ሩቅያ የተፈቀደ ነው። እኔ እሱን አልቃወምም። የደረሰብን ግን ሌላ ነበር። ነሲሓችን ሳይሠራ ሲቀር ጓደኛችንን ሩቅያ ወደሚያደርግ ሰው ወሰድነው። ሰውየው ቀራበት፣ ዘይትና ማር ሸጠለት፣ ከዚያም «ሐኪም ቤት ከሄድክ ጂኑ ይደበቃል» አለው። ሁለት ወር የጠፋው በዚች ዓረፍተ ነገር ነው። በሁለቱ ወር ውስጥ ከሳ፣ ሁለት ኮርስ አመለጠው፣ እኛም ሰለቸነው።

ግራ ሲገባኝ መድረሳ ላስቀሩኝ ሸይኽ ደወልኩላቸው። ነገሩን በሙሉ ሰሙኝና፦

«ልጄ፣ ስኳር እንዳለብኝ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ሸይኻችን።»

«ጠዋት ጠዋት ምን እንደማደርግ አይተሃል?»

«መርፌ ይወጋሉ።»

«ታዲያ ቁርኣኑ አልሠራልኝም ማለት ነው?»

ዝም አልኩ።

«ቢስሚላህ ብዬ ነው የምወጋው። ልጁን ነገ ሐኪም ቤት ውሰደው። ዱዓውን እኔም እዚህ አደርጋለሁ» አሉና ስልኩን ዘጉት።

በማግስቱ ይዤው ሄድኩ። ስለዚህ መመዘኛዬ ቀላል ነው። ቀርቶልህ «ሐኪምም ጋ ሂድ» የሚልህ ሰው ወንድምህ ነው። ሐኪም የሚከለክልህና ገንዘብ የሚቀበልህ ሰው ግን ዕውቀቱ ምንም ያህል ቢመስልህ ከሱ ራቅ።

ስለ ወስዋስም አንድ ነገር ልበል። ውዱእ ሲያደርግ ግማሽ ሰዓት የሚቆይ፣ ተክቢራውን አሥር ጊዜ የሚደግም ወንድም ወይም እህት ሁላችንም አይተናል። እንደ ጥንቁቅ ሰው እናደንቀዋለን ወይም እንስቅበታለን። ሲበረታ ግን የታወቀና የሚታከም ሕመም ነው። የፊቅህ ሊቃውንት ለወስዋሰኛ የሚሰጡት ምክር ጥርጣሬውን ችላ ብሎ ወደፊት እንዲሄድ ነው፤ እርግጠኛ የሆነ ነገር በጥርጣሬ አይነሳምና። የዛሬ ሐኪሞችም ለዚህ ሕመም የሚያደርጉት ልምምድ ጥርጣሬው እየመጣ ሳይደግሙ መቆየት ነው፤ ካስፈለገም መድኃኒት ይጨምሩበታል። እዚህ ላይ ፊቅሁና ሕክምናው አንድ አፍ ናቸው።

ረመዷን ሲቃረብ ጓደኛዬ ኪኒኑን ሊተው ነበር። «በኪኒን ምክንያት ጾሜን አላበላሽም» አለ። ሕክምናውን የሚከታተሉት ነርስ ግን በቀን አንዴ የሚወሰድ መድኃኒት በሱሑር ወይም በኢፍጧር ሊወሰድ እንደሚችል ነገሩት። አሚትሪፕቲሊንም ቢሆን የሚያስተኛ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ የሚወሰደው ማታ ነው። ሁለቱንም ሳያጣ ጾመ። ነገር ግን ሁሉም መድኃኒት እንዲህ አይደለም። ሊትየም የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር መጾም የለበትም፤ ከሰውነቱ ውኃ ሲያንስ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ከልክ ሊያልፍ ይችላል። ለታመመ ሰው አላህ የሰጠው ሩኽሳ ለአእምሮ ሕመምተኛም ነው። ስለዚህ ከረመዷን ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድሞ ሐኪምንም ዓሊምንም መጠየቅ ይገባል።

«ባለሙያው የት አለ?» የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው። በአገራችን የአእምሮ ሐኪም ጥቂት ነው፤ ወረፋውም ረጅም ነው። ብዙዎቻችንም የአእምሮ ሕክምና ሲባል የሚመጣልን አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ነው፤ ስሙንም ለቀልድና ለስድብ እንጠቀምበታለን። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው፣ አገራችንም የተቀበለችው አሠራር መሠረታዊውን የአእምሮ ሕክምና በሠለጠኑ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ጭምር ለመስጠት ነው። እኛ የመጀመሪያውን ርዳታ ያገኘነው ከጤና መኮንን ነው። ስለዚህ ከግቢው ክሊኒክ ወይም ከቅርቡ ጤና ጣቢያ ይጀመር፤ ከዚያ በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ እነሱ ሪፈር ይጽፋሉ። ሴት ባለሙያ የምትፈልግ እህትም መጠየቅ መብቷ ነው። «ከተሰማ ማን ያገባኛል» ብላ የምትደበቅ እህት ካለች ደግሞ ነውሩ የእሷ አይደለም፤ ወሬውን የምናመላልስ የእኛ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ?

ባለሙያ ሲያንስ የማኅበረሰብ ሚና ትልቅ እንደሆነ ዚምባብዌ አሳይታለች። በሐራሬ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምረው የሰፈር አያቶችን አሠለጠኑ። አያቶቹ በጤና ጣቢያው ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ከታማሚው ጋር ተቀምጠው ችግሩን ይሰማሉ፣ ከችግሮቹ አንዱን መርጦ መፍትሔ እንዲሞክር ያግዙታል። በ2016 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከስድስት ወር በኋላ በአያቶቹ የታገዙት ሰዎች ሕመም በተለመደው አሠራር ከታከሙት በጣም ቀንሶ ተገኝቷል። አያቶቹ የተለየ ነገር ያደረጉት ሠልጥነው በመስማታቸው ነው። የታመመን መዘየር ዒባዳ የሆነለት ጀመዓ ይህንን እንዴት ያቅተዋል?

ስለዚህ ለጀመዓችን ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከሶላት የጠፋ ወንድም ወይም እህት ስናይ ከነሲሓ በፊት ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ፦ እንቅልፍህና ምግብህ እንዴት ነው? ይህ ከጀመረህ ስንት ጊዜ ሆነው? መኖር የሚያስጠላህ ጊዜ አለ? ከዚያም ዝም ብለን እንስማ። ለመጨረሻው ጥያቄ «አዎ» ካለ ራስን ማጥፋት ሐራም መሆኑን ልናስተምረው አንቀመጥ፤ ያንን ያውቃል። ብቻውን አንተወው፣ መድኃኒትና ስለት ከአጠገቡ እናርቅ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል እንውሰደው። ሁለተኛ፣ ለወንዶችም ለእህቶችም ምስጢር የሚጠብቁና ታማሚን ክሊኒክ ድረስ የሚሸኙ ጥቂት ሰዎች ይመደቡ። ሦስተኛ፣ በየዓመቱ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች በምናዘጋጀው ፕሮግራም ከኡስታዙ ጎን አንድ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይቀመጥ።

ጓደኛዬ ያመለጡትን ሁለት ኮርሶች ዘንድሮ እየወሰደ ነው። መድኃኒቱን አላቆመም፤ መቼ እንደሚያቆም ከሐኪሙ ጋር ይነጋገራል። ለፈጅር አንዳንድ ቀን እሱ ይቀሰቅሰናል፣ አንዳንድ ቀን እኛ እንቀሰቅሰዋለን። እኔም ዐፍው ጠይቄው ዐፍው ብሎኛል። አሁን አልጋው ላይ ስቀመጥ ብዙ አላወራም። «ዛሬ እንዴት አደርክ?» እለዋለሁ፤ መልሱንም እጠብቃለሁ።

አላህ የታመሙትን ያሽርልን፣ ለተጨነቁት ፈረጃ ያምጣላቸው፣ እኛንም ለወንድሞቻችን ሸክም ሳይሆን ምርኩዝ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።